ገረሱ ዝም ያለ ቀን

በ1958 ዓ.ም. የሳይንስ ኮሌጁ ምሩቃኑን የሚቀጥሩ ሰዎችን ጠርቶ ልጆቹ ምን እንደሚጎድላቸው ጠየቀ። ኬሚስትሪውን ያውቁታል፣ ያወቁትን ለሰው ማስረዳት ግን አይችሉም ተባለ። መምህሩ አቶ ሠረቀብርሃን፣ በትምህርቱ ላይ ምን ቢጨመር እንደሚሻል ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያስቡበት ተዉላቸው።

ሐሳቡን ያመጣችው ሙሉነሽ ናት። የአንድ ሠፈር ውሃ እንመርምርና ውጤቱን ለሚጠጡት ሰዎች ሄደን እንንገር አለች። ሁሉም ወደዱት። ቦታው ከከተማው ዳር ያለው ካራ መሆኑን ሲሰማ ግን ከተማሪዎቹ አንዱ ገረሱ ደነገጠ። የተወለደው እዚያው ነው። በልጅነቱ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲገባ በአነጋገሩ ስለሳቁበት፣ ከዚያ ወዲህ ኦሮምኛ እንደማያውቅ ሆኖ ኖሯል።

ውሃው ተመርምሮ ውጤቱን ሊነግሩ በሄዱበት ቀን ምንጩ ዳር የተሰበሰቡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ሙሉነሽ ውሃው ሕፃናትን ስለሚያሳምም ሳይፈላ እንዳይጠጣ በአማርኛ ነገረቻቸው። ሴቶቹ ተያዩ። አንዲት አሮጊት፣ መንግሥት ምንጩን ሊወስድብን ነው አሉ በኦሮምኛ። ወሬው ወዲያው ተዛመተ፤ ልጅ ያዘለች ወጣት ማልቀስ ጀመረች። ገረሱ ሁሉንም ሰማ። መምህሩ ኦሮምኛ የሚያውቅ እንዳለ ሲጠይቁ አቀርቅሮ ጠርሙሶቹን ይደረድር ጀመር። ሙሉነሽ በእጇ ለማስረዳት ብትሞክር ይባስ ተቆጡ።

በዚህ መሃል አጎቱ አቶ ኢቲቻ በቅሏቸውን እየሳቡ ብቅ አሉ። ገና ሲያዩት በስሙ ጠርተው አቀፉትና መቼ እንደመጣ በኦሮምኛ ጠየቁት። ሳያስበው በኦሮምኛ መለሰ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ከዚያ ወዲያ መናገሩ አልቀረለትም። ምንጩን የሚወስድ እንደሌለ፣ ውሃውን ማፍላት ብቻ እንደሚበቃ ነገራቸው። ቶሎ ገባቸው። አሮጊቷ ግን ቀረብ አሉ።

"ልጄ፣ ከመጀመሪያው ትሰማን ነበር?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ታዲያ ይቺ ልጅ ስታለቅስ ምን ትጠብቅ ነበር?"

ገረሱ ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ወደ መኪናው ሄደ።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ መምህሩ ደስ ብሏቸው ነበር። ቀጣሪዎቹ የሚፈልጉት ችሎታ ይኸው ስለሆነ፣ ለኮሌጁ የምናቀርበው ሐሳብ በገረሱ ምሳሌነት ይጀምራል አሉ። ሙሉነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቀበና ድልድይ ሲደርሱ ገረሱ ተናገረ።

"እኔን አይጥቀሱ ጋሼ። እየገባኝ ነው ዝም ያልኩት። በቋንቋው አፍሬ ነበር።"

መምህሩ ለኮሌጁ ባቀረቡት ሐሳብ ውስጥ ስሙን አልጠቀሱም።

ሐሳቡ ግን ተቀባይነት አገኘ፤ ሌሎች ተማሪዎችም በየተራ ካራ መሄድ ጀመሩ። ገረሱና ሙሉነሽ ሁልጊዜ አብረዋቸው ይሄዳሉ። ሴቶቹ ገረሱን በደኅና ይቀበሉታል። አሮጊቷ ግን ጥያቄ ሲኖራቸው ሙሉነሽን ይጠሩና አማርኛ በሚችሉት በአቶ ኢቲቻ አስተርጓሚነት ይጠይቋታል። ገረሱ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል።