የዱቦው በርሜል

ኤርሳዶ የወይን ሥራ የተማረው ከአባ ፓስካል ነው። አባ ፓስካል በወላይታ፣ በዱቦ ካቶሊክ ሚሲዮን የሚያገለግሉ ፈረንሳዊ ቄስ ነበሩ፤ ከግቢው በታች ባለው ተዳፋት ላይ ወይን ተክለው እሱን ጠባቂ አደረጉት። በእንሰት መሃል ላደገው ኤርሳዶ ነገሩ መጀመሪያ አልገባውም። ክረምቱ ሲወጣ ቄሱ ለምለሙን ሐረግ እየቆረጡ ሲጥሉ አይቶ፣ ለሚስቱ ለአባይነሽ "ገደሉት" ብሎ ነገራት። በጥቅምት ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ሲፈነዳ ግን እሷኑ ጠርቶ አሳያት።

በጥር ፍሬው ጠቆረ። ወፍ ሳይጨርሰው እንልቀም ቢል፣ ቄሱ አንዷን ፍሬ ነክሰው ዘሯን መዳፋቸው ላይ ተፉና "ገና አረንጓዴ ናት፤ ቡናማ ትሁን" አሉት። ሲደርስ ለቀሙ፤ በእግራቸው ረገጡት። ጭማቂው ከነገለባው ፈላ፤ ፍላቱ ሲበርድ አጥልለው በእንጨት በርሜል ሞሉትና ምድር ቤት አስቀመጡት። የተረፈውን በገንቦ ከደኑት።

ዘመኑ 1929 ዓ.ም. ነበር። ጣልያን ሶዶ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮቹ ቄሶች አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። አባ ፓስካል ጓዛቸው በበቅሎ ከተጫነ በኋላ ኤርሳዶን ወደ ምድር ቤት ይዘውት ወረዱ።

"እንጨቱ ይጠጣል" አሉት በርሜሉን እየዳበሱ። "በጎደለ ቁጥር ከገንቦው ሙላበት። አየር ካገኘው ይኮመጥጣል።"

"ገንቦው ሲያልቅስ?"

"የወንዝ ጠጠር ቀቅለህ ጨምርበት። ወይኑ ራሱ ከፍ ይላል።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

ቄሱ ትከሻውን ያዝ አድርገው ለቀቁት።

ኤርሳዶ ክረምቱን ሙሉ እየሞላ ቆየ። በመስከረም ገንቦው ተሟጠጠ። ከአባይነሽ ጋር ጠጠር ለቅመው በድስት ሲቀቅሉ ጎረቤት አይቶ "ለስንት እንግዳ ነው?" እያለ ሳቀባቸው። የወይኑን ሐረግም ከቄሱ እንዳየው እሱ ራሱ ገረዘ።

በጥር የደረሰው ፍሬ ጥቂት ነበር፤ አንድ ገንቦ ቢሞላ ነው። ሊለቅም ሲዘጋጅ፣ የሶዶው ኦርቶዶክስ ቄስ ሐብተማርያም በበቅሎ መጡ።

"ዘቢብ ከላይ አገር መምጣቱ ቀረ" አሉ። "ቅዳሴ ሊታጎል ነው። ፍሬውን ነው የምለምንህ፤ የተጠመቀው ወይን ጠጅ አይሆነንም።"

ኤርሳዶ እኚህን ሰው ያውቃቸዋል። ከሁለት ዓመት በፊት በሶዶ ገበያ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ልጅህን ዱቦ ያስጠመቅኸው በከንቱ ነው" ብለውት ነበር። ያን ቀን ጨው ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ነበር የተመለሰው።

"ባለቤቱ የሉም" አላቸው።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ፤ ግን አልሄዱም። "በገበያ የተናገርሁህን አልረሳሁትም" አሉ። "እምነቴ ነውና ቃሌን አላነሣም። በሰው ፊት ማዋረዴ ግን ነውር ነበር።"

አባይነሽ ከበሩ ሆና ትሰማ ነበር። "ወፉ ሲበላው ማንን አስፈቅዶ ነው?" አለችው ለባሏ በወላይትኛ።

ኤርሳዶ ቅርጫቱን አነሣ። የበሰለውን ዘለላ ለይቶ እየቆረጠ ሁለት ቅርጫት ሞላላቸው፤ በሰሌን ላይ ጥላ ውስጥ እንዲያደርቁትም ነገራቸው። የቀረው የገንቦውን ግማሽ እንኳ አልደረሰም። በዚያ ዓመት በርሜሉ ውስጥ ብዙ ጠጠር ገባ።

በ1931 አንድ ጣልያናዊ ቄስ ሚሲዮኑን ተረከቡ። በርሜሉን አስከፍተው በትንሽ ኩባያ ቀመሱ። "ምላስ ያዝ ያደርጋል፤ ለቅዳሴ ግን ይሆናል" አሉ። ውስጡ ስላዩት ጠጠር ሲጠይቁት ኤርሳዶ ስለ ሁለቱ ቅርጫትም ሳይደብቅ ነገራቸው። ቄሱ ኩባያውን ሞልተው ሰጡት። ሁለት ዓመት የጠበቀውን ሲቀምስ የመጀመሪያው ነበር። ምላሱን አደረቀው። ማታ ለአባይነሽ "ፓርሶ ጠላችን ይሻላል" ብሏት ሳቁ።

አባ ፓስካል አልተመለሱም። የት እንደደረሱ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ኤርሳዶም መንገደኛ ባየ ቁጥር መጠየቁን አልተወም።

በቀጣዩ መስከረም ቄስ ሐብተማርያም ለቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ግቢ የወይን ችግኝ ላክልኝ አሉት። ኤርሳዶ ከገረዘው ሐረግ ለተከላ የሚሆን ጠንካራ ጠንካራውን መረጠ፤ በእርጥብ ኮባ ጠቅልሎ ራሱ ሶዶ ወሰደው። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉድጓዱን አብረውት ቆፈሩ።