የቀኙ ክንፍ

ጓንጉል ከሰቆጣ የወጣው በሰባት ዓመቱ፣ አጎቱ በቅሎ ላይ አፈናጦት ነው። የተመለሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር፣ ለተራቡት እህል ከምታመላልስ ትንሽ አውሮፕላን ጋር መካኒክ ሆኖ ነበር። ሽማግሌዎች «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ቢነግራቸው የሚያስታውስ ጠፋ። በአገሩ ቋንቋ በኻምጣኛ ሲያዋሩትም ረስቶት ስለ ነበር በአማርኛ መለሰ።

በመጣ በሁለተኛው ቀን አብራሪው ካፒቴን ምትኩ ከመነሣታቸው በፊት ሲፈትሽ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉትን የክንፍ ሰሌዳዎች የሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ገመዶች ተበልተው አገኛቸው። በሬዲዮ አስታወቀና በማግስቱ ሌላ አውሮፕላን አዲስ ገመድ አምጥቶ ካፒቴኑን ይዞት ሄደ።

«በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ፤ ለውጠህ ጠብቀኝ» አለው ሲሳፈር።

ጓንጉል ብቻውን ቀረ። ብቻውን መሥራት ይፈራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ሜዳ አንድ ብሎን ሳያጠብቅ ረስቶ፣ ማንም ሳያይለት ፈርሞ፣ አውሮፕላኑ ወድቆ አንድ አብራሪ እግሩን አጥቷል። ባልደረቦቹ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ምሳ ሰዓት ላይ ግን እሱ ባለበት ጠረጴዛ ማንም አይቀመጥም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። ሲጨርስ በክንፉ ጠርዝ ያለችውን ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ በእጁ ገፋት፤ ከአብራሪው ወንበር ፊት ያለው መሪ ዞረ። ሌላኛዋንም ገፋ፤ ዞረ። የጥገናውን መዝገብ አውጥቶ ብዕሩን አነሣ፤ መፈረም ግን አቃተው። የሠራውን ሌላ ሰው ማየት አለበት። ማን ይይለት?

በሜዳው ዳር አንዲት ጎጆ ነበረች። ባለቤቷ እማሆይ ወለተሥላሴ ይባላሉ፤ ልጆቻቸው ከብቱን ይዘው ወደ አበርገሌ ቆላ ወርደው እሳቸው ብቻቸውን ቀርተዋል። ሄዶ እጅ ነሣ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ያዩልኝ ነበር።»

«ምኑን አውቄው ልጄ?»

«ማወቅ አያስፈልግም። ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

ቀኙ ክንፍ አጠገብ አቆማቸውና ገብቶ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። በዚያ በኩል ያለችው ሰሌዳ መነሣት ነበረባት።

«ወዴት ሄደች?»

«ወደ ታች።»

«ተነሣች ማለትዎ ነው?»

«ወረደች እኮ ነው የምልህ! ላይና ታች ይጠፋኛል?»

አንገቱን አስግጎ አየ፤ ወርዳለች። የቀኙንና የግራውን ገመድ አቀያይሮ አስሯቸዋል፤ በእጁ ሲገፋም መሪው መዞሩን እንጂ ወዴት እንደ ዞረ አላስተዋለም ነበር። አብራሪው ወደ ቀኝ ሲያዞር አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይገለበጥ ነበር። ወርዶ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። እማሆይ በቅል ውኃ አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

እስከ ማታ ፈታና እንደገና አሰረ። በማለዳ እሳቸው ቆመው አዩለት፤ «ተነሣች» ሲሉ ደግሞ አዞረው፤ ደግመው «ተነሣች» አሉት። በመዝገቡ ላይ ከእሱ ፊርማ በታች አውራ ጣታቸውን አኖሩ።

ሌላው አውሮፕላን ካፒቴኑን አውርዶት ወዲያው ተመለሰ። ካፒቴኑ በመዝገቡ ላይ ያለውን የአውራ ጣት አሻራ ሲያይ ሳቀ። ጓንጉል ግን ስሕተቱን አንድም ሳይሸሽግ ነገረው። የካፒቴኑ ሳቅ ጠፋ። ራሱም ገብቶ አዞረ፣ ወርዶ አየ፣ እንደገና አዞረ።

«ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም።»

ካፒቴኑ አተኩሮ አየው፤ አመሰገነው ወይም ወቀሰው ለማለት የሚቻል አልነበረም። ሁለት በሽተኞች ስለጫነ ለጓንጉል ቦታ አልተረፈም። «ነገ እወስድሃለሁ» ብሎ ተነሣ። አውሮፕላኑ ከሜዳው ጫፍ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ታጠፈ፤ ድምፁም ከተራራው ጀርባ ጠፋ።

ጓንጉል አውሮፕላኑ በደኅና መነሣቱን ሊነግራቸው ወደ እማሆይ ጎጆ ሮጠ። በሩ በገመድ ታስሯል። ውኃ የተሸከመች ሴት አግኝታው፣ ልጆቻቸው ሰው ልከውባቸው በዚያው ጠዋት እነሱ ወዳሉበት ወደ ኒሯቅ እንደ ወረዱ ነገረችው።

«ዘመድህ ናቸው?» አለችው።

«የሠራሁትን ያዩልኝ ናቸው» አላት። ሴትዮዋ መንገዷን ቀጠለች፤ እሱም ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።