አፉን ያልከፈተው ሰውዬ

ታንጉት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋም አፍ መሆን ነው። አባቷ ከፋለ የሚስቱን ጊደር ሳያማክራት ለአባቱ ተዝካር ካረደ ወዲህ፣ እሱና እናቷ ባንቺዓለም ቃል አልተለዋወጡም። ይኸው አራት ወራቸው። "ለአባትሽ ንገሪው፣ ወጡ ቀርቧል።" "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጠግቤያለሁ።" አንድ መደብ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው! ታንጉት መካከል ቆማ ታደርሳለች፤ ቅመም ሲያንሰውም ትጨምርበታለች።

ዛሬ ግን ነገሩ ከቅመም አልፏል። የእናቷ ጓዝ ታስሯል፤ ነገ ጧት በአውቶቡስ ሞጣ፣ ወንድሟ ቤት ልትገባ ነው። ከፋለ ጓዙን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። "ለእናትሽ ንገሪያት..." ብሎ ቀጥ አለ። ይኼን ምን ብላ ታድርሰው?

ከሰዓት በኋላ ቀበሌው ብቸናን በሙሉ ለፊልም አዳራሽ ከተተው። ሰዓት እላፊ ስላለ ፊልሙ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ፊልም አሳዩን ገብረ ኪዳንን ላብ አጥምቆታል፤ ፊልሙ በፈረንጅ አፍ ነው፣ በድምፅ ማጉያ የሚያስተረጉመው ሰው ደግሞ ሆዱን ታሞ ሞጣ ቀርቶበታል።

"ፊልሙን እኔ አውቀዋለሁ!" አለች ታንጉት። እውነቷን ነው፤ ባለፈው ሳምንት ለአጎቷ መልእክት ይዛ ሞጣ ሄዳ ከነትርጉሙ አይታዋለች። ድምፅ ማጉያው እጇ ገባ።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ባል፣ አንዲት ሚስት፣ አንድ ጠረጴዛ። በቃ!

"ጦርነቱ የታለ?" አሉ አያ ወልደ ሰንበት ከፊት ወንበር።

"የለም፣ አያ። ወሬ ብቻ ነው።"

"ወሬማ ቤታችን ሞልቶ!"

ግን ማን ይውጣ! ሴትዮዋ "ሾርባው በረደብህ" ስትል፣ የበረደው ሾርባው ብቻ እንዳልሆነ ለሁሉም ገባው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አያ ወልደ ሰንበት እንኳ ምርኩዛቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ፈዘዋል። ታንጉት ተገረመች፤ አንዲት ጥይት ሳትጮህ?

መጨረሻውን የምታውቀው እሷ ናት፤ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ታነሳለች፣ ሰውዬው ዝም ይላል፣ በሩ ይዘጋል። እናቷ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያለች። አባቷ ከኋላ ነው።

ሴትዮዋ ሻንጣዋን አነሳች። የታንጉት ምላስ አላስችል አላት።

"አትሂጂ!" አለች ድምፅዋን አወፍራ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላማክርሽ ማድረግ አልነበረብኝም።"

ሴትዮዋ ግን ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። ምስል ማንን ይሰማል!

"ኧረ ጉድ!" አዳራሹ ተንጫጫ። "እየለመናት? ምን ልብ አላት!"

"መች ለመናት!"

ታንጉት ክው አለች። አባቷ ነው። ቆሟል፤ ጥላው ሸራው ላይ ወድቋል። ገብረ ኪዳን ደንግጦ መሣሪያውን አቆመው።

"ከንፈሩን አይቼዋለሁ፤ አልተነቃነቀም" አለ ከፋለ። "የተናገረችለት ልጄ ናት።" ወደ ሴቶቹ ዞረ። "ባንቺዓለም... አትሂጂ።"

ስሟን ጠራ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

እናቷ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። "ታንጉት፣ ለአባትሽ ንገሪው..."

ታንጉት ድምፅ ማጉያውን በሰው ራስ ላይ አሻግራ አቀበለቻት።

"እንኪ፣ አንቺው ንገሪው።"

ባንቺዓለም ዕቃውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ አፏ ላይ ደገነችው፤ ብቸና በሙሉ ሰማ።

"ከፋለ! ጓዙን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የምትፈታው ግን አንተ ነህ!"