ጭስ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው

ሮማነወርቅ ያን ጠርሙስ ያገኘችው በልመና ነው። በነገሌ አረቄ ሞልቷል፤ የውጭ አገር ወይን ጠጅ ግን፣ ያውም በጦርነቱ ማግስት፣ ስኳር እንኳ በቀበሌ ካርድ በሚታደልበት ጊዜ ከየት ይመጣል? የሞያሌን መንገድ አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ዓብዱልባሲጥን ሱቁ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዳ ለመነችው። ዓብዱልባሲጥ መጠጥ ባፉ ዞሮ የማያውቅ፣ ሶላቱን የማያጓድል ነጋዴ ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ አላት። በሦስተኛው ለምን እንደፈለገችው ስትነግረው እሺ አለ፤ በሳምንቱም ጠርሙሱን በሽርጥ ጠቅልሎ፣ እንደ እባብ ከራሱ አርቆ ይዞ መጣ። ዋጋውን ብትጠይቀው፣ ከዚህ ነገር ትርፍ አልበላም፣ ይልቅ አላህ ባልሽን ያውጣልሽ አላት።

ባሏ ጉዮ የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ክትባቱን ይዞ ከአሬሮ ዱብሉቅ፣ ከዱብሉቅ ድንበር ድረስ ይዞራል። ላም ድንበር አታውቅም፤ እሱም የሚሄደው ላሟን ተከትሎ ነው። በሐምሌ ወር ለሰርጎ ገቦች መድኃኒት አቀብለሃል ተብሎ ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ሮማነወርቅ ዓይኑን አላየችም። የቀራት ነገር ምሳ መላክ ብቻ ነው።

የምሳው ሥርዓት ይህ ነው። ስንቅ ያመጣችው ሴት በር ላይ ትቆማለች፤ ሳህኑን ትከፍታለች፤ ዘበኛው እያየ ከየጥጉ ቆርሳ ትቀምሳለች። መርዝም ወረቀትም እንደሌለበት ሲታይ ሳህኑ ይገባል፤ ባዶው በማግስቱ ይወጣል። እስረኛው ከሌለ ደግሞ አንዲት አጭር ቃል አለች፤ «ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» ትላለች። ከዚያ በላይ የሚያብራራ የለም፤ በነገሌም ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ሦስት ሴቶች ያችን ቃል ከሮማነወርቅ ጎን ቆመው ሰምተዋል። ሬሳ የለ፣ ለቅሶ ክልክል፤ ባዶ ሳህናቸውን ታቅፈው ሄዱ። ሮማነወርቅ ግን ቃሏ ሳትነገራት የዋለችበትን ቀን ሁሉ እንደ ዓመት በዓል ትቆጥረው ነበር። ባዶ ሳህን ወጣ ማለት ጉዮ በላ ማለት ነው፤ በላ ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው።

የበር ዘበኛው ስሙ ዲዳ ነው፤ የጉዮ አገር ልጅ። መጀመሪያ ላይ በሩቁ ሲያያት «አዴ ሮማን፣ አካም? ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይሰጣትና ይስቅላት ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ሳህኑን ሲቀበላት መሬት መሬት ያያል። አንድ ቀን ቀስ ብሎ፣ ቢተዉት ምናለ፣ ይደክማሉ አላት። ለእሷ አዝኖ መሰላት፤ ለባሌ ምሳ ብይዝ ምኑ ነው የሚያደክመኝ ብላ መርቃው ሄደች።

የምትልከው ቋንጣ ነው፣ እሱም የጉዮ ቋንጣ። በርበሬ ሆዱን ስለሚያቃጥለው ጨውና ሸርከት ተደርጎ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው የሚገባበት። ሥጋው የሚደርቀው ከወጥ ቤቱ ጀርባ በወይራ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ነው፤ የጉዮ እናት ኤጄርሳ እያሉ የወተት ዕቃቸውን በሚያጥኑበት እንጨት። ጉዮ እንዲያ ካልሆነ ሥጋ ሥጋ አይለኝም ይላል። ሮማነወርቅ ቡና ቤት አላት፤ ይህን ቋንጣ ግን ለደንበኛ አቅርባው አታውቅም። አንዴ አንድ ሾፌር ሽታው ደርሶት፣ ቤት እየተቃጠለ ነው እንዴ ብሎ ቤቱን ሙሉ ስላሳቀባት፣ ያን ቋንጣ ለጉዮ ብቻ እንጂ ለማንም ላትሠራው ምላለች።

ጠርሙሱ የተፈለገው ለእስር ቤቱ አዛዥ፣ ለሻምበሉ ነው። ሻምበሉ እሑድ እሑድ ከስብሰባ መልስ መጥቶ ከቡና ቤቷ ጥግ ይቀመጣል። ውጭ አገር ለትምህርት ተልኮ ከትምህርቱ ጋር ወይን መጠጣትም ተምሮ መጥቷል። ያገር ቤቱ ወይን ሲቀርብለት፣ ይሄ የሳል ሽሮፕ ነው እያለ ፊቱን ያጨማድዳል። ሮማነወርቅ ይህን ስትሰማ ከረመች። አንድ ቀን ደስ ቢለው፣ ያን ቀን ስለ ጉዮ አንድ ቃል ብትነግረው ብላ አሰበች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሷ ወይን ብትፈልግ ምን ይገርማል?

በጥር መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ገብታ የጠርሙሱን ቡሽ በቢላዋ ታግላ አወጣችው። እንደ ጠጅ አሳላፊ ወግ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ደነገጠች። ጣፋጭ የሚባል ነገር የለውም። መጀመሪያ የበሰለ አጋም ሽው አለባት፤ ወዲያው ምላሷን ቁንዶ በርበሬ ያዛት፤ ከኋላው ጭስ መጣ፤ ሲወርድ ደግሞ እንደ ሥጋ ጨው ጨው አለ። ወይን እንዴት ሥጋ ሥጋ ይላል? ተበላሽቷል ብላ የማር ገንቦዋን ከፈተች፤ ማንኪያውንም ነክራ ነበር። ግን ሻምበሉ ምን ጨመርሽበት ቢላትስ? ማሩን መልሳ ከደነችው። ጣዕሙን ከዚህ በፊት የምታውቀው መስሏታል፤ ከየት እንደምታውቀው ለማሰብ ግን ፍርሃቷ ጊዜ አልሰጣትም።

ሻምበሉ ፊት ቆማ እንደገና በመዳፏ ቀመሰችና ቀዳችለት። አሸተተ፤ አንድ ጉንጭ ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ጠርሙሱን አገላብጦ አነበበና ወይኑ ሲራ እንደሚባል፣ እዚያ በተማረበት አገር ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣው እንደነበር፣ ከየት እንዳመጣችው ግን እንደማይጠይቃት ነገራት። ሁለተኛውን ብርጭቆ ራሱ ቀዳ። በሦስተኛው ፊቱ ለስልሶ የሰው ልጅ መሰለ። ያኔ ሮማነወርቅ ስለ ጉዮ አነሳች፤ ፖለቲካ የማያውቅ የከብት ሰው መሆኑን፣ ሰባት ወር መሙላቱን፣ ዋስ የሚሆኑ ሽማግሌዎች መኖራቸውን ነገረችው። ይታያል፣ ይታያል አላት። ልቧ በደስታ ዘለለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ወይንም ለካ ከብቅል አያንስም። ሻምበሉ የመጨረሻውን ጉንጭ አፉ ውስጥ እያንከባለለ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።

«ጭስ አለው፤ የወይራ ጭስ። ከዚያ ቁንዶ በርበሬ። መጨረሻ ላይ ጨው። ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ልክ ያንቺን ቋንጣ።»

ሮማነወርቅ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች።

«የትኛውን ቋንጣ፣ ጓድ ሻምበል?»

«ያን የምትልኪውን ነዋ። ቢሮ ውስጥ ሌላ ምሳ አስረስቶናል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

ምናልባት አንድ ቀን በር ላይ ቆርሶ ቀምሶ ይሆናል፤ ምናልባት ከጉዮ ተርፎ ይሆናል። ሮማነወርቅ እነዚህን ሁለት ምናልባቶች ይዛ ትንሽ ቆየች፤ መልሱን ከምትሰማ እዚያው ቆማ ብትቀር በወደደች ነበር። ቢሆንም ጠየቀች።

«ለጉዮስ? ለእሱ ይደርሰው ነበር?»

ሻምበሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ኮፍያውን ከወንበሩ ላይ አነሳና በእጁ አዞረው።

«ስንቅ አታምጪ እንድትባይ በኅዳር ታዞ ነበር» አለ። «ትእዛዙን ያቆየሁት እኔ ነኝ። ላንቺ አዝኜ ነው።»

ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሮማነወርቅ የሄደበትን በር እያየች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ወይራ ስትፈልጥ፣ በጭስ ስትለበለብ፣ በፀሐይ ስትመላለስ የቀለበችው የባሏን ገዳይ ነው። ላንቺ አዝኜ ነው አለ! አዝኖ ሳይሆን ጥሞት ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ ይህ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ይታያል ብሎ ሄደ። ጠላችው። ዘላ የነበረችውን ልቧንም አብራ ጠላቻት። ከጠርሙሱ የተረፈውን ደጅ አወጣችና አፈሩ ላይ ደፋችው።

ሰኞ ጠዋት ከጭሱ ላይ የቀረውን ቋንጣ ሁሉ አወረደች። እንደ ወትሮው ጨውና ቁንዶ በርበሬ አድርጋ ሠራችው፤ እጇ አንዲት ነገር አላጎደለችም። በእኩለ ቀን እስር ቤቱ በር ደረሰች። ዲዳ መሬት መሬት እያየ፣ እንደ ደንቡ ይቅመሱ አላት።

ሮማነወርቅ በሩ ፊት አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአንዱ ጥግ ቆረሰች፤ ከሌላውም ቆረሰች። ዲዳ እጁን ለመቀበል ዘረጋ። እሷ ግን አላቆመችም። እያላመጠች ትውጣለች፤ እንባዋ በአፏ ይገባል፤ አብራ ትውጠዋለች። ከኋላዋ ተራ የያዙት ሴቶች ወሬያቸውን ተዉ። አንዷ ምን ነካት ስትል ሌላዋ ክንዷን ያዘቻት። ዲዳ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ መለሰው። ይነሡም አላላትም፤ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፊቱን አዞረ።

የመጨረሻውን ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን በጣቷ ጠረገች፤ ተነሥታም ከፊቱ ቆመች።

«ዲዳ፣ ታውቅ ነበር» አለችው።

«አዴ ሮማን፣ አውቅ ነበር» አለ። «ይተዉት ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ ያለኝ አፍ የለም።»

«በል እንግዲህ ለሻምበልህ ንገረው። ከነገ ጀምሮ ስንቅ አላመጣም።»

ሳህኑን በብብቷ ያዘች። እዚያው በሩ ላይ፣ ዘበኛውም ሴቶቹም እያዩ፣ ነጠላዋን አውልቃ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና በገበያው መሐል አለፈች። ለቅሶ የተከለከለ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዓብዱልባሲጥ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ነጠላዋን አየና፣ የሚመዝነውን ጨው ሚዛኑ ላይ ትቶ፣ በሩን ዘግቶ ከኋላዋ ተከተላት።