የአጸደ ዶሮ ወጥ

ወይዘሮ አስካለማርያም ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኮልፌ ሲደርስ ከቀበሌያቸው ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው፣ ፈተናውን ቀድመው ያለፉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያላነበቡት ነገር አልነበረም። የክብሪት ቀፎ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ባለቤታቸው አቶ ገረሱ አየር ጤና ከሚሠሩበት ጋራዥ ያመጡት ባዶ የዘይት ጣሳ ሳይቀር ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር። አቶ ገረሱ ይህን ሁሉ ችለው ኖረዋል።

መዘዙ የመጣው መምህርታቸው አልማዜ መጽሔት ያዋሰቻቸው ዕለት ነው።

«እትዬ አስካለ፣ እስቲ ደግሞ ልብ ወለድ ይሞክሩ። አጭር ነው፤ አንድ ገጽ ተኩል» አለቻቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አጸደ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ዶሮ ወጥ ጥዳ እያማሰለች ስለ እሱ ታስባለች። በር ይንኳኳል። አጸደ ማማሰያውን ታስቀምጣለች፤ ቀስ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ እጇን መቀርቀሪያው ላይ ታሳርፋለች። አለቀ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ገጹን ገለጡ። ቀጥሎ ያለው ስለ ንብ እርባታ ነበር። ምናልባት እዚያ ውስጥ ብቅ ትል ይሆናል ብለው እሱንም እስከ መጨረሻው አነበቡት። አጸደ የለችም።

«ወጡስ?» አሉ ለብቻቸው።

ምሳ ላይ እህል አልወርድ አላቸው።

«ምን ሆነሻል?» አሉ አቶ ገረሱ።

«ወጡን ሳታወርድ ሄደች።»

«ማን?»

«አጸደ።»

«የቷ አጸደ?»

«የመጽሔቷ!»

አቶ ገረሱ ትን እስኪላቸው ሳቁ። «የወረቀት ወጥ አያርም፣ አንቺ ሴት!»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ የተቁላላ ነው። ተጽፏል። እንቁላሉም ገብቷል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጡ። ቦኖ ውሃ ሊቀዱ ሄደው ተራቸው ሲደርስ ፈዘው ይቆማሉ። የሚያር ነገር ሸተተኝ እያሉ የጎረቤት ማዕድ ቤት ዘው ይላሉ። የአንዲት ጎረቤታቸውን ያላረረ ሽሮ ሦስት ጊዜ አወረዱባት። በመጨረሻ አልማዜ ዘንድ ሄዱ።

«እትዬ አስካለ፣ ዋናው ጥያቄ ያንኳኳው ማን ነው የሚለው እኮ ነው» አለች አልማዜ። «ደራሲው ለአንባቢ ትቶታል።»

«ለእኔ መተዉስ ደግ። ግን እኔ ቤቷ ገብቼ ላወርድላት አልችልም!»

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደሰንበት አጀንዳውን ሲጨርሱ «ልዩ ልዩ ጉዳይ ያለው?» አሉ። ወይዘሮ አስካለማርያም እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እሳት ላይ ተጥዶ የተተወ ወጥ አለ።»

አዳራሹ ተተራመሰ። ሴቶቹ የየራሳቸውን ድስት እያሰቡ ወደ በሩ ተጋፉ፤ አንድ ሽማግሌ የአሸዋ ባልዲ አንጠልጥለው ወጡ። ሁሉም ቤቱን አይቶ ሲመለስ ነገሩ ተብራራ። ጓድ ወልደሰንበት መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ግለሰቧ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ናት?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያው እኛን አይመለከትም።»

ሕዝቡን ግን ተመልክቶት ነበር። አንዱ ያንኳኳው ባሏ ነው አለ። ሌላው፣ የለም፣ ጨው ልትበደር የመጣች ጎረቤት ናት አለ። ሁለቱ ለመያያዝ ጥቂት ሲቀራቸው ከኋላ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ «ባሏስ ቢሆን? ሰባት ዓመት የቆየ ሰው ወጥ እስኪወርድ መቆም ያቅተዋል?» አለች። ሴቶቹ በሙሉ አጨበጨቡ። ስብሰባው በአንድ ድምፅ ደራሲው እንዲጠየቅ ወሰነ። ደብዳቤም ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት። «ጉዳዩ፦ እሳት ላይ ስለተተወ ወጥ ማብራሪያ ስለመጠየቅ» ይላል።

አልማዜ መጽሔቱ ቢሮ ሄዳ አጠያየቀች። ደራሲው ጽጌማርያም የሚባል፣ አስኮ የሚኖር ላጤ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ፣ ወይዘሮ አስካለማርያምና አቶ ገረሱ በአውቶቡስ ሄዱ። አቶ ገረሱ የሄዱት ነገሩ እዚያው እንዲያልቅላቸው ብቻ ነበር።

በዚያ ዘመን ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ለደግ አይመጣም። ጽጌማርያም ደብዳቤውን ሲቀበል ፊቱ ዐመድ መሰለ። አንዴ አነበበው። ደገመው።

«ወጥ?» አለ።

«ወጥ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

እፎይ ብሎ ሦስቱንም አልጋው ላይ አስቀመጣቸው፤ ወንበር አንድ ብቻ ነበረው። ሦስት አንባቢ ቤቱ ድረስ መምጣቱ ሲገባው ደግሞ ልቡ አበጠ። በሩ የሰው ልጅ ተስፋ ነው፣ መቀርቀሪያው ፍርሃቱ ነው፣ እያለ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። አልማዜ ማስታወሻ ያዘች። አቶ ገረሱ አንቀላፉ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «ወጡስ?»

«የቱ ወጥ?»

አልማዜ መጻፏን አቆመች።

«ገጽ አንድ፣ ሦስተኛው አንቀጽ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ቀዝቀዝ ብለው።

ጽጌማርያም መጽሔቱን ተቀብሎ አየና አንገቱን አቀረቀረ። «ረስቼዋለሁ፣ እማማ። ለሽታው ብዬ ነበር ያስገባሁት።»

«ለሽታው! ወጥ ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ያስታውቃል።»

ልጁ ግን ጨዋ ነበር። እስክሪብቶውን አወጣና ከመጨረሻው መስመር በላይ በነበረው ጠባብ ቦታ «በመጀመሪያ ግን ወጡን አወረደችው» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አስካለማርያም ፊደል በፊደል አነበቡት።

«አልከደነችውም?»

«ከደነችውም» ብሎ ጨመረ።

መርቀውት ወጡ። አውቶቡሱ ላይ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፌርማታቸው ሲደርስ አቶ ገረሱ ቀሰቀሷቸውና ጆሯቸው አጠገብ ጠጋ ብለው፣ «ታዲያ ባሏ ነበር ወይስ ጎረቤት?» አሉ።

«እኔ ምን ቸገረኝ!» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

በወሩ ጽጌማርያም ራሱ ኮልፌ ብቅ አለ። በእጁ አዲስ ድርሰት ይዟል። ከመታተሙ በፊት እማማ እንዲሰሙት ፈልጎ ነው። ስለ አንድ ከቤቱ ስለሚሰደድ ሰው ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም እጃቸውን አጣጥፈው ሰሙት።

«በሩን ቆልፎታል?»

«አዎ።»

«ከሰሉንስ አጥፍቶታል?»

ጽጌማርያም ጻፈ።

«ዶሮዎቹን ለማን ሰጠ?»

«ዶሮ የለውም፣ እማማ።»

«ከሌለው የለውም በል። ሰው ምን አስጨነቀው?»

ድርሰቱ ታትሞ ሲወጣ ሰውየው ከግቢው ለመውጣት አራት አንቀጽ ፈጅቶበት ነበር። አልማዜ በሕይወቴ እንዲህ የሚያንገሸግሽ ታሪክ አንብቤ አላውቅም አለች። ወይዘሮ አስካለማርያም ግን አንብበው በጣም ረኩ፤ ሰው አገኘሁ ብለው ጽጌማርያምን ምሳ ጋበዙት።

ከሳምንት በኋላ አልማዜ መንገድ ላይ አገኘቻቸውና ድርሰቱ ስለ ምን እንደነበር ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ አስካለማርያም ቆም ብለው አሰቡ። ሰማይ ሰማይ አዩ። ነጠላቸውን አስተካክለው እንደገና አሰቡ።

«ትዝ አይለኝም» አሉ በመጨረሻ፤ «ብቻ ምንም አልጎደለበትም።»