የባለ አምስት ሽልንጓ ልጅ

ቢያፍራ ከናይጄሪያ ተገንጥላ አገር ነኝ ካለች ገና ወራት ቢሆናት ነው፣ የራሷን ገንዘብ ልታትም የተነሳችው። የአምስት ሽልንጉ ኖት ንድፍ ለሠዓሊው ኦኬዚዬ ተሰጠ። በአንድ ገጽ ዘንባባና ከኋላው የምትወጣ ፀሐይ ሳለ። በሌላው ገጽ የሴት ልጅ ፊት ይሁን ስለተባለ የሰባት ዓመት ልጁን ንዋካኤጎን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሳላት። ሹል አገጭ፣ ጎድጎድ ያለ ጉንጭ፤ ቁርጥ እናቷን።

አለቃው ማዚ አኖሲኬ ንድፉን አይቶ ሳቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ገንዘብ ነው ወይስ የልመና ወረቀት? ጠላት አይቶ ተራቡ ይበለን? ለሠርጓ ተዘግቶባት ስትቀለብ ከርማ የወጣች ሙሽራ አስመስላት እንጂ!"

"ማዚ፣ ሰባት ዓመቷ እኮ ነው።"

"ወረቀት ማን ዕድሜ ይጠይቀዋል? ጉንጭ ጨምር!"

ጨመረ። ኖቱ ታትሞ ሲወጣ ሚስቱ ኡጎኤዜ ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው።

"የንዋካኤጎ አባት፣ ይህቺን ደግሞ ከማን ወለድካት? ንገረኝ፣ አልቆጣም።"

ልጅቱ ተንከተከተች። ጉንጯን በአየር ነፍታ "አሁንስ መሰልኩ?" እያለች ቤቱን ዞረች። ኡጎኤዜ ያችን ኖት አልመነዘረቻትም፤ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተቻት።

ከዚያ በጦርነቱ ጠላት ከበባቸውና መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። ጨው ጠፋ፣ ሥጋ ጠፋ፣ በመጨረሻ እንሽላሊት እንኳ ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው ኡሙዋሂያ ከተማ አጠገብ ሲኖሩ፣ የንዋካኤጎ አጥንት ይቆጠር ጀመር። የሚሲዮን ሰዎች የባሰባቸውን ሕፃናት በአውሮፕላን ወደ ጋቦን ያሻግሩ ነበርና ስሟ ተመዘገበ፤ ተራዋም ለማክሰኞ ደረሰ።

እሑድ ጠዋት ግን ፊቷ ሞልቶ ተነሳች።

"ኡጎ፣ ነይ እዪ! ጉንጭ አወጣች! ዳነችልኝ!" ሲል ኦኬዚዬ ሚስቱን ጠራ።

"ፀጉሯስ ለምን ቀላ?" አለች እናቲቱ።

"ፀሐይ ነው። ልጄን ለማላውቀው ሰው፣ ለባሕር ማዶ አልሰጥም። ተራዋን ለከሳ ልጅ ይስጡት።"

ሞኝ! ሰው የተመኘውን ለማየት መች ይሰንፋል? በደስታ እየሮጠ ሄዶ ስሟን አሰረዘ።

ረቡዕ ነርሷ መጣች። የልጅቱን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የተጫነው ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ።

"ይሄ ሥጋ አይደለም ወንድሜ፣ ውሃ ነው። ረሃቡ ነው ያሳበጣት። ትናንት መሄድ ነበረባት።"

"የሚቀጥለው አውሮፕላንስ?"

ነርሷ የልጅቱን ትንፋሽ አዳመጠችና "እስከዚያ አትቆይም" አለች። ኦኬዚዬ ያንን ጉንጭ የሳለች እጁን ቢቆርጣት በወደደ ነበር፤ ግን ለማን ይጠቅማል?

ኡጎኤዜ አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ ኖቷን አወጣችና ካበጠው ፊት አጠገብ ትራሱ ላይ አኖረቻት።

"በል እይ፣ የንዋካኤጎ አባት" አለችው። "አሁን መሰለች።"