የደጃፍ ስንጥር

የኪዋሪ ደሴት ሚስቶች አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው። ኦሜና የምትባለው ደቃቅ ዓሣ የምትጠመደው በጨለማ በፋኖስ ስለሆነ፣ ጨረቃ ስትሞላ ሥራ የለም። ያኔ ከደሴት ደሴት ሲዞሩ የከረሙት ወንዶች ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የተመለሰ ባል ግን እንዲሁ ዘው ብሎ ወደ ቤት አይገባም። ደጃፉ ላይ በርጩማ ይሰጠዋል፣ ክሊኒኩ በነፃ የሚያድላት የኤችአይቪ መመርመሪያ ስንጥር ትሰጠዋለች፤ ድዱን በሷ አሽቶ ፈሳሹ ውስጥ ያቆማትና ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል። አንድ መስመር ከወጣ በሩ ይከፈትለታል፣ ኡጋሊው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ይቀርብለታል። ሁለት ከወጣ አይገባም። እርግጥ ሁለት የወጣበት ባል ደጃፍ ላይ ታይቶ አያውቅም፤ ራሱን የሚጠረጥር ሌላ ደሴት ላይ ይቀራል። ጎረቤት ሴቶች ደግሞ ለዚህ ትርዒት አይቀሩም።

«ድድህን እሽ እንጂ ምላስህን አይደለም! ምላስህማ ሲዋሽ ነው የከረመው!» ይላሉ።

ስንጥሯ የወንድ ነች። አንዲት ሴት እንኳ አፏ ውስጥ ከታት አታውቅም። ምን ቆርጧት! ሴቲቱ በር ጠባቂ ነች፤ በር ጠባቂን ደግሞ ማን ይፈትሻል?

ከበር ጠባቂዎቹ ሁሉ የባሰችው አፖንዲ ነበረች። ባሏ ኦዊቲ ከዝናቡ በፊት ሲመጣ፣ ከጀልባ የወረደበት እግሩ ሳይደርቅ ነው በርጩማው ላይ ያስቀመጠችው። አንድ መስመር ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እሷም በሩን ከፈተች። እሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ ትኩሳት ጥሏት ነበር፤ ወባ ነው ብላ ኪኒን ዋጠችና ተነሳች። ልጇ ኦኮት ያኔ ገና አንገቱን አላጸናም። አሁን ድዱ እያበጠ ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ ጡቷን ይነክሳል።

ኦዊቲ ግን በዚያው ቀረ። ወደ ኡጋንዳ በኩል ዓሣው በዝቷል ብሎ ሄደ፤ ጨረቃ ሞላች ጎደለች፣ ደግሞ ሞላች ጎደለች፣ አልመጣም፤ ቤሳ አልላከም። ደሴቱ ላይ ደግሞ ዓሣ ነጋዴ ሴት ዓሣ የምታገኘው ገንዘብ ስላላት ብቻ አይደለም። ጀልባ ያለው ወንድ ያስፈልጋታል፤ ጃቦያ ይሉታል። ገላዋን የሰጠች ሳፋዋን ትሞላለች፣ ያልሰጠች አሸዋ ላይ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። አፖንዲ ዝንብ ስታባርር ከረመች። በመጨረሻ ገንፎው ሲያልቅ፣ ሚስቱ የሞተችበትን ዝምተኛውን ኦጉቱን መረጠች። ዝምተኛ ሰው ቢያንስ አያወራባትም ብላ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መረብ በሚያኖርበት ዳስ ውስጥ ሆነ። ኮንዶም ነበራቸው፤ ተቀደደ። አፖንዲ ክው ስትል፣ ኦጉቱ «አይዞሽ፣ ከኔ ምንም አያገኝሽም» አላት። ይህንን የማይል ወንድ የት አለ? አላመነችውም።

በማግስቱ ጠዋት ሳፋዋን ይዛ ጀልባው ዘንድ ወረደች። ኦጉቱ ኦሜናውን ሲሰፍርላት የሰቀለው ጃኬት ውሃው ውስጥ ወደቀና ከኪሱ አንድ ነገር እየተንሿሿ ወጣ። ያንን ድምፅ ደሴቱ ላይ የማያውቀው የለም። የኤችአይቪ ኪኒን ብልቃጥ ነው፤ ሌሎች የሚውጡት እንዳይሰማባቸው ጥጥ ይወትፉበታል። ኦጉቱ ጥጥ አልወተፈም። እህቷ ከመሞቷ በፊት ዘግይታ የጀመረችው መድኃኒት ያው ነበር፤ አፖንዲ ብልቃጡን ገና ስታየው አወቀችው።

«ገዳይ!» ብላ ጮኸች። «ሰዎች፣ ኑ እዩት! በሽተኛ ነው! አውቆ ገደለኝ! የሚያጠባ ልጅ እያለኝ!»

ሌሎቹ ሴቶች ሳፋቸውን አንስተው ከጀልባው ራቁ። ኦጉቱ ጃኬቱን ከውሃው አውጥቶ ጨመቀው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያ ቀን የሱን ዓሣ የገዛ አልነበረም።

አፖንዲ በሬዲዮ የሰማችውን አልረሳችም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ሦስት ቀን ሳይሞላው፣ ባፋጣኝ ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒት ከጀመረ ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ ሊያስቀረው ይችላል። ክሊኒኩ ያለው ከሐይቁ ማዶ ነው። ልጇን አዝላ የማመላለሻው ጀልባ ወደሚቆምበት ሮጠች። ሮጣ ስትደርስ ሐይቁ የለም። ነፋሱ እንቦጩን ሁሉ ነድቶ ወሽመጡ ውስጥ ከትቶታል፤ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ አረንጓዴ ነው። ጀልባዎቹ መሬት ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር።

«ነፋሱ ሲዞር ይሄዳል» አላት የማመላለሻው ሹፌር፣ ሸንኮራውን እያላመጠ።

«መቼ ነው የሚዞረው?»

«ለኔ ስልክ ደውሎ ያውቃል እንዴ?»

ነፋሱ አልዞረም። አፖንዲ ልጇን ማጥባት አቆመች። ጡቷ አብጦ ቀሚሷን እያረጠበው፣ ኦኮት ሽታውን እየተከተለ በእጁ ደረቷን ሲቧጥጥ፣ ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። ጎረቤቷ ኒያር አሌጎ፣ ብዙ የወለደች ብዙም የቀበረች አሮጊት፣ ቀጭን ገንፎ በማንኪያ አመጣች። ልጁ ተፋው።

«ስጪው እንጂ ልጄ፣ ጉሮሮው ተዘጋ እኮ!»

«መርዝ ልስጠው እናቴ?»

«ገና ምን ያወቅሽው ነገር አለ?»

«ኪኒኑን በዓይኔ አይቻለሁ! ሌላ ምን ልወቅ?»

በሁለተኛው ቀን ልጁ የሚያለቅስበት ድምፅ አለቀ። ይህ ከለቅሶው ይልቅ አስፈራት። እናት ልጇን ከራሷ ስታስጥል ማየት ይከብዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ አያት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባ ባላቸው ሁሉ እግር ላይ ወደቀች። አንዱ እንቦጩ ሞተሬን ይይዝብኛል አለ፣ አንዱ ቀብር አለብኝ አለ። ከኋላዋ ግን አንድ ሰው ረጅም ገጀራ ይዞ መጣና ጀልባውን ወደ እንቦጩ ገፋ። ኦጉቱ ነበር።

«ግቢ» አላት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ገባች።

እሱ ገጀራውን እየሰነዘረ ሥሩን ይቆርጣል፣ እሷ በረጅም እንጨት ትገፋለች። መዳፏ ተላጠ። ከኋላቸው የጥቁር ውሃ ቀጭን መንገድ ቀረ። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው ኦጉቱ የተናገረው።

«ልነግርሽ ይገባ ነበር። እሱ ጥፋቴ ነው።»

«አሁን ነው የታየህ?»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር? ማን ይመጣል? ግን ውሸት አልነገርኩሽም። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ አንድ ቀን ሳላዛንፍ ነው የምውጠው። ደሜን በየጊዜው ይለኩታል፣ ቫይረሱ በመሣሪያ እንኳ አይታይም። እንዲህ የሆነ ሰው በመኝታ አያስተላልፍም ብለውኛል።»

«ስለዚህ ላመስግንህ?»

«አታመስግኚኝ። ግፊ፣ ቀኑ እየሄደ ነው።»

ክሊኒኩ ሲደርሱ ሊዘጋ ነበር። ሲስተር ቤሪል የምትባል ወፍራም፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ነርስ ነጭ ካፖርቷን አውልቃለች። አፖንዲ በሩ ላይ ተንበረከከች።

«ሲስተር፣ ሦስት ቀኔ አላለፈም! ዛሬ ከሰዓት ነው የሚሞላው! መድኃኒቱን ይስጡኝ!»

ሲስተር ቤሪል ክንዷን ይዛ አነሳቻት፣ ካፖርቷንም መልሳ ለበሰች። አፖንዲ ስለ ሰውየው የነገረቻትን ሁሉ እያዳመጠች ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ያለው እውነት ከሆነ፣ ከሱ አይይዝሽም። እኔ ግን የሱን ደም በወሬ አልለካም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን እንሰጥሻለን። መጀመሪያ ግን ምርመራ ነው። የሚከላከለው መድኃኒት ነፃ ለሆነ ሰው ነው የሚሰጠው።»

«እኔማ ነፃ ነኝ! እርጉዝ ሳለሁ እዚሁ ተመርምሬያለሁ።»

ጣቷን ወጋቻት። ጥቂት ጠበቁ። ሲስተር ቤሪል መመርመሪያውን አየች፤ ሌላ ዓይነት አወጣችና እንደገና ወጋቻት። በዚህ ጊዜ አፖንዲ ራሷ አየችው። ሁለት መስመር።

«ገደለኝ!» አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

«ማን?»

«ኦጉቱ ነዋ!»

ሲስተር ቤሪል ወንበሯን ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። «ስሚኝ እህቴ። የሦስት ቀን ነገር በዚህ ምርመራ አይታይም። ሳምንታት ይፈልጋል። ይሄ የከረመ ነው። አመመሽ እንዴ በቅርብ ወራት? ትኩሳት?»

ወባው። አፖንዲ ባሏ ከሄደ በኋላ የጣላትን ትኩሳት ነገረቻት። «ባሌ ግን አንድ መስመር ነበር! ደጃፌ ላይ! ጎረቤቱ ሁሉ አይቷል!»

«ከጉዞው በመጣ በስንት ጊዜው ነው የተመረመረው?»

«የመጣ ዕለት ነው እንጂ! ሳይገባ ነዋ!»

ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች። «የመጣ ዕለት ስንጥሯ የምታሳየው ከመሄዱ በፊት የነበረውን ነው። በጉዞው ላይ የገባበትን አታይም። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ደግሞ ካልተመረመረ በስተቀር አይታወቅም። ይህንን አልነገርናችሁም? ስንጥሩን ስናድል አልነገርናችሁም?»

ነግረዋቸው ይሆናል። ማን ሰማ? የኪዋሪ ሴቶች በር መጠበቅ ይዘው ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አፖንዲ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እሱስ?»

ሲስተር ቤሪል የኦኮትን ተረከዝ ወግታ ደሙን ወረቀት ላይ አንጠባጠበች። ውጤቱ ወደ ከተማ ሄዶ እስኪመለስ ሳምንታት ይወስዳል አለች፤ እስከዚያ በየቀኑ የሚጠጣው ሽሮፕ ሰጠችው። ለአፖንዲም የሕክምናውን ኪኒን ሰጥታ የዕለቱን እዚያው በውሃ አስዋጠቻት። «አሁን አጥቢው።»

«ምን አሉኝ?»

«አጥቢው። ሽሮፑ ይጠብቀዋል፣ ያንቺም ኪኒን እየዋለ እያደረ ይጠብቀዋል። በረሃብ ከገደልሽው ግን ማንም አያድነውም። እንዳታቋርጪ፣ አንድ ቀን እንኳ!»

ልጁ ጡቷን ሲይዝ ባበጠው ድዱ ነከሳት። አፖንዲ የሦስቱን ቀን ወተት እየሰጠችው ጮክ ብላ አለቀሰች። የከለከለችው በሽታው እንዳይተላለፍበት ፈርታ ነበር፤ እሷ ሳታውቅ፣ ስታጠባው በከረመችባቸው ወራት ውስጥ ግን ተላልፎበት ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም።

ሲመለሱ ኦጉቱን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ካንተ አይደለም» አለችው። «ሁለት ወጣብኝ፤ ካንተ አይደለም። ስምህን አጠፋሁ።»

ኦጉቱ መቅዘፊያውን ለአፍታ አቆመ። «ኪኒንሽን ጥጥ አትወትፊበት» አላት።

ጠዋት የቆረጡት መንገድ አልተዘጋም ነበር። እንዲያውም ሌሎች ጀልባዎች ገብተውበታል፤ ጨረቃ ልትሞላ ነውና በወሽመጡ አፍ ታግተው የነበሩት ወንዶች በኦጉቱ መንገድ ተከታትለው ደርሰዋል። አፖንዲ ወደ ሰፈር ስትወጣ የሴቶች ሳቅ ሰማች። ከደጃፏ ነው። ኦዊቲ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ለልጁ ቀይ ኮፍያ ይዞ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ስንጥሯ ፈሳሹ ውስጥ ቆማለች። ሚስቱ ሳትጠይቀው፣ እንደ ጨዋ ባል፣ ራሱ ነው የጀመረው።

«መጣችልህ ፖሊስህ!» አለች አንዷ።

አፖንዲ ማንንም ሰላም አላለችም። ኒያር አሌጎን «ሌላ ስንጥር ስጪኝ እናቴ» አለቻት። ተቀብላ ከባሏ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና የራሷን ድድ ከላይም ከታችም አሸች።

«ኧረ ምን ነካሽ፣ የወንድ ነው እኮ!» ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ከአንዷ ወደ አንዷ እየቀነሰ ሄደ። አፖንዲ ስንጥሯን ከባሏ ስንጥር ጎን ፈሳሹ ውስጥ አቆመቻት።

«ኦጉቱ አልገደለኝም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በሐሰት ነው የጮህኩበት። ነገ ሳፋችሁን ይዛችሁ ወደ ጀልባው ውረዱ።»

 ኦኮት በኮፍያው ክር ይጫወታል። የሷ ሁለተኛ መስመር ቶሎ መጣ። የኦዊቲ ዘገየ፤ ገርጥቶ ጀመረ፣ ቀስ እያለ ቀላ።

ኦዊቲ ስንጥሯን አንስቶ ወደምትጠልቀው ፀሐይ አዞራት፣ አገላበጣት። 

«ባለፈው እኮ አንድ ነበር» አላት። «አፖንዲ፣ አንድ ነበር! አይተሻል!»

«አይቻለሁ» አለችው። «በሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።»